ማሞቂያን መዝጋት፣ መድፈን፣ በአቋራጭ ማገናኘትና ማውጣት፦ በነባር መኪናዎች ጥገና ሊለዩ የሚገባቸው ስያሜዎች

መግቢያ

አንድ ሙያዊ ስያሜ የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ በሚኖረው ውበት ብቻ አይደለም። ስያሜውን ያነበበ ሠራተኛ መፍቻውን አንሥቶ ሥራውን ሲጀምር፣ ጸሐፊው ያሰበውን ድርጊት ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚፈጽም ከሆነ ስያሜው ተሳክቷል፤ ሌላ ድርጊት የሚፈጽም ከሆነ ግን የቃሉ ለዛም ሆነ የሥርወ ቃሉ ጥንታዊነት የሚያስገኘው ጥቅም የለም። ይህ እውነት ጎልቶ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ የመኪና ጥገና ነው። በዚህ ሙያ የተሳሳተ ግሥ የሚያስከትለው ጉዳት በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ሞተር ያቃጥላል፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት ያጠፋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህን ሰፊ መስክ አንዲት ጠባብ ማዕዘን ነው። ይኸውም በነባር መኪናዎች ላይ የሚገኘውን የተሳፋሪ ክፍል ማሞቂያ ከአገልግሎት ውጭ የማድረግ ሥራ ነው። ሥራው ነባር መኪና በሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ የማሞቂያው ራዲያተር ሲያንጠባጥብ፣ መለዋወጫው ሲጠፋ፣ መኪናው ለውድድር ሲዘጋጅና ክብደቱ እንዲቀንስ ሲፈለግ፣ ወይም በቆላ አገር የማሞቂያው ቧንቧ በሚገባ አልዘጋ ብሎ ተሳፋሪውን በሙቀት ሲያስጨንቅ ይፈጸማል። በአማርኛ ሲነገርም ሆነ ሲጻፍ ግን አራት የተለያዩ ድርጊቶች «ሂተሩን መዝጋት»፣ «መቁረጥ» ወይም «ማቋረጥ» በሚሉ ልል አነጋገሮች ሊጠቀለሉ ይችላሉ። የጽሑፉ ዓላማ አራቱን ድርጊቶች መለየትና ለእያንዳንዱ ከቋንቋው ውስጥ የተገኘ ስያሜ መጠቆም ነው።

«ነባር መኪና» ያልነውም ያለ ምክንያት አይደለም። «አሮጌ» የሚለው ቅጽል ያረጀውንና ያለቀውን ሁሉ ስለሚያመለክት፣ በእንክብካቤ ተይዞ የሚኖረውን መኪና ዋጋ ያሳንሰዋል። «ጥንታዊ» ደግሞ ዘመኑን አለቅጥ ያርቀዋል። «ነባር» ግን ብዙ ዘመን ኖሮ ዛሬም በቦታው ያለ የሚል ፍቺ ስላለው፣ ዕድሜንም ቀጣይነትንም አንድ ላይ ይዞ ይገኛል።

1. «ማሞቂያ» የሚለው ስም ምን ይነግረናል፣ ምንስ ይሰውራል?

«ማሞቂያ» ከ«ሞቀ» የተገኘ ነው። «ሞቀ» አድራጊነትን ሲይዝ «አሞቀ» ይሆናል፤ ከዚህም የመሣሪያ ስም ሲወጣ «ማሞቂያ» ይባላል። «ማቀዝቀዣ» ከ«አቀዘቀዘ»፣ «ማብሰያ» ከ«አበሰለ» እንደ ወጡ ማለት ነው። የቃሉ አመሠራረት እንከን የለበትም። ችግሩ የሚመጣው «ማን ያሞቃል? ምንንስ ያሞቃል?» የሚሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ሲቀሩ ነው።

ሾፌሮች ጠዋት ከመነሣታቸው በፊት «መኪናውን አሙቅ» ሲሉ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ይቆይ ማለታቸው ነው። በናፍጣ በሚሠሩ ሞተሮችም ከመነሣት በፊት የሚቃጠልበትን ክፍል የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አለ። በቤት ውስጥም ውኃ የሚያሞቀው ዕቃ በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ «የመኪና ማሞቂያ» የሚል ሐረግ ብቻውን ሲቀመጥ፣ ሞተሩን የሚያሞቅ መሣሪያ ነው የሚል ግንዛቤ ቢያሳድር አያስደንቅም።

እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በውኃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ያለው ማሞቂያ ከሞተሩ ሙቀት ወስዶ ለተሳፋሪው ይሰጣል እንጂ ለሞተሩ የሚጨምርለት ሙቀት የለም። በተሳፋሪው በኩል ሲታይ ማሞቂያ ነው፤ በሞተሩ በኩል ሲታይ ግን ሁለተኛ ማቀዝቀዣ ነው። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ልምድ ያለው ሾፌር ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ በሙቀት እየተጨነቀም ቢሆን ወደ መንገዱ ዳር እስኪደርስ የሚነዳው በዚህ ምክንያት ነው። ስሙ የሚነግረን የመሣሪያውን ግማሽ ሥራ ብቻ ስለሆነ፣ ማሞቂያውን የሚያስወግድ ሰው ከሞተሩ የማቀዝቀዣ ሥርዓት አንድ ክፍል እየነካ መሆኑን ሊዘነጋ ይችላል።

በዚህም መሠረት ስያሜው በጽሑፍ ውስጥ መጀመሪያ ሲገባ «የተሳፋሪ ክፍል ማሞቂያ» ተብሎ በሙሉ እንዲጻፍ፣ ከዚያ በኋላ «ማሞቂያ» ብሎ ማሳጠር እንዲፈቀድ እንጠቁማለን። በጋራዥ ውስጥ የተለመደው «ሂተር» ለንግግር ይቆይ፤ «ራዲያተር»፣ «ፖምፓ»፣ «ቴስታታ» እና «ቴርሞስታት» ደግሞ ሥር የሰደዱ የውጭ ቃላት በመሆናቸው እንዳሉ ቢቀሩ ይሻላል። ሠራተኛው በየቀኑ የሚጠራቸውን ስሞች ለመተካት የሚደረግ ጥረት ጊዜ ከማባከን በቀር ትርፉ ጥቂት ነው። ትኩረት የሚያስፈልገው ለዕቃዎቹ ስሞች ሳይሆን ለድርጊቶቹ ግሦች ነው።

2. የውኃው ጉዞ

ግሦቹን ለመለየት የውኃውን ጉዞ ማወቅ ግድ ይላል። በተለመደው አሠራር ፖምፓው ውኃውን በሲሊንደሮቹ ዙሪያና በቴስታታው ውስጥ ያዞረዋል። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ቴርሞስታቱ ወደ ዋናው ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይቆያል፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል። ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ሳለም ውኃው በሞተሩ ውስጥ መዘዋወሩን እንዳያቆም፣ ወደ ፖምፓው የሚመለስበት አነስተኛ መንገድ ይዘጋጅለታል። ይህን መንገድ «አቋራጭ» ብለን እንጠራዋለን።

ማሞቂያው ከዚህ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ቅርንጫፍ ነው። አንድ ቱቦ ሙቅ ውኃ ከቴስታታው ወስዶ በዳሽቦርዱ ሥር ወዳለው ትንሽ ራዲያተር ያደርሳል፤ ሌላ ቱቦ ደግሞ ሙቀቱን የሰጠውን ውኃ ወደ ፖምፓው ይመልሳል። በብዙ ነባር መኪናዎች በመንገዱ ላይ አንድ መዝጊያ ቧንቧ አለ። ትንሹን ራዲያተር «የማሞቂያ ራዲያተር» ማለት ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ቅርጹም አሠራሩም የታላቁ ራዲያተር ታናሽ ወንድም መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

እዚህ ላይ የከፍታን ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን የአየሩ ጫና ዝቅተኛ በመሆኑ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ጫና እየያዘ የመፍያውን ልክ ከፍ ያደርገዋል፤ ክዳኑ ካረጀ ግን ቴርሞስታቱ በሚከፈትበትና ውኃው በሚፈላበት ሙቀት መካከል የሚቀረው ልዩነት 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የውኃውን ዝውውር የሚነካ ማንኛውም ስሕተት በደጋ አገር ቶሎ ዋጋ የሚያስከፍለው በዚህ ምክንያት ነው።

3. አራት ድርጊቶች፣ አራት ግሦች

ማሞቂያን ከአገልግሎት ውጭ ማድረግ በሚል ጥቅል አነጋገር ሥር የሚገኙት ድርጊቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) መዝጋት። መሣሪያው በቦታው እንዳለ የራሱን መዝጊያ ቧንቧ አዙሮ ውኃው እንዳይገባበት ማድረግ ነው። «ዘጋ» በተፈጥሮው «ከፈተ» የሚል ተቃራኒ ያለው ግሥ ነው፤ በር ይዘጋል፣ ይከፈታል። ስለዚህ በቀላሉ ሊመለስ ለሚችል ድርጊት ብቻ ሊውል ይገባል። በተጨማሪ «ተዘጋ» የሚለው ተደራጊ ግሥ በዝቃጭ ለተሞላ ቱቦም እንደሚነገር መዘንጋት የለበትም። «የማሞቂያው ቱቦ ተዘግቷል» የሚል ማስታወሻ ያገኘ ሠራተኛ፣ አንድ ሰው ዘግቶት ነው ወይስ ዝቃጭ ሞልቶት ነው የሚለውን ለመለየት ይቸገራል። ሁለተኛው ከሆነ «በዝቃጭ ተዘግቷል» ብሎ ምክንያቱን አብሮ መጻፍ ይገባል።

ለ) መድፈን። ቱቦው ከተፈታ በኋላ ውኃው የሚወጣበትንና የሚመለስበትን አፍ በውታፍ ወይም በክዳን ማሰር ነው። «ደፈነ» ቀዳዳን በባዕድ ነገር ሞልቶ ማጥፋትን ያሳያል፤ ለመመለስ መሣሪያ ይጠይቃል። የሚደፍነውን ዕቃ «ውታፍ» ማለት ይቻላል፤ ገንቦና ጠርሙስ ሲወተፍበት የኖረው ይኸው ቃል አዲሱንም አገልግሎት ያለ ችግር ይሸከማል። በመድፈንም ሆነ በመዝጋት የውኃው ዝውውር በዚያ ቅርንጫፍ ይቆማል።

ሐ) በአቋራጭ ማገናኘት። ከቴስታታው የሚመጣውን መስመርና ወደ ፖምፓው የሚመለሰውን መስመር በአንድ ቱቦ በቀጥታ ማያያዝ ነው። ውኃው መዘዋወሩን ይቀጥላል፤ የሚቀረው በማሞቂያው ራዲያተር ውስጥ ማለፉ ብቻ ነው። ይህ ከመዝጋትና ከመድፈን የሚለይበት ነጥብ መሠረታዊ ነው።

መ) ማውጣት። የማሞቂያውን ራዲያተር፣ ማራገቢያውንና ቤቱን ከመኪናው ላይ ፈትቶ ማንሣት ነው። ግሡ የሚናገረው ስለ ዕቃው ብቻ ሲሆን ስለ ውኃው ምንም አይናገርም። ስለሆነም «ማሞቂያው ወጥቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንጊዜም ጎዶሎ ነው፤ «ወጥቶ አፎቹ ተደፍነዋል» ወይም «ወጥቶ መስመሩ በአቋራጭ ተገናኝቷል» ተብሎ ሊሟላ ይገባዋል።

4. «አቋረጠ» የሚያስከትለው አሻሚነት

ከአራቱ መካከል በስያሜ ረገድ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሦስተኛው ነው። «አቋራጭ» የሚለው ስም ትርጉሙ የተረጋጋ ነው፤ ረጅሙን መንገድ ትቶ በአጭሩ የሚያደርስ መንገድ ማለት እንደ ሆነ ማንም ያውቃል። «አቋረጠ» የሚለው ግሥ ግን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ይሄዳል። «መንገደኛው በጫካው አቋርጦ ደረሰ» ስንል ጉዞው ቀጥሏል። «ተማሪው ትምህርቱን አቋረጠ» ስንል ደግሞ ነገሩ ቆሟል።

እንግዲህ «የማሞቂያውን መስመር አቋርጥ» የሚል ትእዛዝ በአንድ የጥገና መጽሐፍ ውስጥ ቢገኝ፣ አንዱ አንባቢ ሁለቱን ቱቦዎች በአጭር መንገድ አገናኝ ማለት ነው ብሎ ይረዳል፤ ሌላው ደግሞ መስመሩን ቁረጥ፣ ውኃውን አቁም ማለት ነው ብሎ ይረዳል። ሁለቱም በቋንቋው ሕግ ትክክል ናቸው። በሞተሩ ላይ የሚደርሰው ውጤት ግን አንዱ ዝውውር፣ ሌላው የዝውውር መቆም ነው። ከዚህ የተነሣ በሙያ ጽሑፍ «አቋራጭ» በስምነቱ ብቻ እንዲሠራበት፣ ድርጊቱም «በአቋራጭ ማገናኘት» ተብሎ በሁለት ቃላት እንዲገለጽ፣ «ማቋረጥ» ግን ለዚህ ሥራ ጨርሶ እንዳይውል እንመክራለን።

«ማሳለፍ» የሚለውም አማራጭ ሊታሰብ ይችል ይሆናል። ነገር ግን «ውኃውን በማሞቂያው አሳልፍ» የሚለው አነጋገር በማሞቂያው ውስጥ እንዲያልፍ አድርግ የሚል ፍቺ ስለሚሰጥ፣ የተፈለገውን ሐሳብ ይገለብጠዋል። «ማለፍ» ደግሞ ባለቤቱ ሠራተኛው ይሁን ውኃው ሳይለይ ይቀራል። በአንጻሩ «ማገናኘት» ሁለት ጫፎች መኖራቸውን ስለሚጠይቅ፣ አንባቢው የትኞቹን ጫፎች እንደሚያገናኝ እንዲያስብ ያስገድደዋል። ለአንድ ሙያዊ ግሥ ይህ ትልቅ ምግባር ነው።

5. ልዩነቱ በሞተሮች ላይ ሲታይ

የግሦቹ ልዩነት የቃል ጨዋታ አለመሆኑን ሁለት የታወቁ መኪናዎች ያስረዱናል።

የመጀመሪያዋ በአዲስ አበባ በታክሲነት ለብዙ ዓመታት ያገለገለችው ላዳ ናት። ላዳ መነሻዋ የኢጣልያው ፊያት 124 ሲሆን፣ በሶቪየት ኅብረት በቶልያቲ ከተማ መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በነባሮቹ የላዳ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሦስት አፎች አሉት፤ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ አቋራጩ ይከፈታል። የማሞቂያው መስመርም የራሱ መዝጊያ ቧንቧ አለው። ይህ ማለት ሞተሩ ሲነደፍ ማሞቂያው ተዘግቶ እንዲሠራ ታስቦበታል ማለት ነው። ስለዚህ የላዳን ማሞቂያ አውጥቶ አፎቹን በሚገባ መድፈን ዝውውሩን አያናጋም። እንዲያውም መዝጊያ ሳይኖር በአቋራጭ ቢገናኝ፣ በራዲያተር ያልቀዘቀዘ ሙቅ ውኃ ያለማቋረጥ ወደ ፖምፓው ይመለሳል፤ ይህም በቆላ መንገድ ላይ የማይፈለግ ነው።

ሁለተኛዋ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 2000 የተሠራችው የእንግሊዝ ሚኒ ናት። ለረጅም ዘመን በሠራችበት ሞተር ላይ አቋራጩ በፖምፓውና በቴስታታው መካከል የምትገኝ አጭር የጎማ ቱቦ ናት። ቦታዋ ጠባብ በመሆኑ ስታረጅ መቀየሯ እጅግ አድካሚ ነው፤ ስለዚህም አንዳንድ ሠራተኞች ቱቦዋን አስወግደው ሁለቱን አፎች ይደፍናሉ። ይህ ከተደረገ በኋላ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ድረስ ለውኃው የሚቀረው መንገድ የማሞቂያው መስመር ብቻ ነው። እንግዲህ በዚህች መኪና ላይ ማሞቂያውም ቢደፈን፣ ቴርሞስታቱ ዝግ ሳለ ውኃው የሚዞርበት መንገድ አይኖርም። ውኃው ባለበት ቆሞ ቴስታታው በእኩል ሳይሞቅ ይግላል። ስለዚህ ወይ የማሞቂያው መስመር በአቋራጭ መገናኘት አለበት፣ ወይም በቴርሞስታቱ ዝርግ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተበስተው ለውኃው ጠባብ ማምለጫ ሊተውለት ይገባል።

በላዳ ላይ የሚበጀው መድፈን በዚህች ሚኒ ላይ ይጎዳል፤ በሚኒዋ ላይ የሚያድነው አቋራጭ ደግሞ በላዳ ላይ አያስፈልግም። «ማሞቂያውን ዝጋው» በሚል አንድ አነጋገር ሁለቱንም ማዘዝ እንደማይቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

6. ውኃ የሌለበት ማሞቂያ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በውኃ ለሚቀዘቅዙ ሞተሮች ነው። በአገራችን ጎዳናዎች ዛሬም የምትታየው ነባሯ ቮልስዋገን፣ ማለትም በዓለም ዙሪያ «ጥንዚዛ» የሚል ቅጽል የወጣላት፣ ከዚህ ደንብ ውጭ ናት። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ በፑዌብላ ከተማ እስክትሠራ ድረስ 21,529,464 መኪናዎች ተመርተዋል። ሞተሯ ከኋላ ሲሆን የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ራዲያተርም፣ የማሞቂያ ውኃም የላትም።

ታዲያ ተሳፋሪው የሚሞቀው በምንድን ነው? በሞተሩ ግራና ቀኝ የሚያልፉት የጭስ ማውጫ ቧንቧዎች ሌላ የብረት ሽፋን ለብሰዋል። ማራገቢያው በቧንቧውና በሽፋኑ መካከል አየር ያሳልፋል፤ አየሩም ከጋለው ቧንቧ ሙቀት ወስዶ፣ ከበሮቹ በታች ባሉት ቦዮች በኩል ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል። ከዚህ በፊት የነበረው አሠራር በሲሊንደሮቹ ላይ ያለፈውን የማቀዝቀዣ አየር ራሱን ወደ ውስጥ ያስገባ ስለነበር የዘይት ሽታ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ንጹሕ አየር የሚያሞቀው አሠራር የተተካው እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ ላይ ነው። ሽፋን የለበሰውን ቧንቧ «ሙቀት አቀባይ» ብንለው ተግባሩን በትክክል ይገልጻል፤ ሙቀቱን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላልና።

የዚህ ሥርዓት አደጋ ከውኃው እጅግ የከፋ ነው። ሙቀት አቀባዩ ዝጎ ከተበሳ ወይም መጋጠሚያው ከላላ፣ የሞተሩ ጭስ ከሙቁ አየር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ውስጥ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ያለ ሰው አደጋውን ሳያውቅ ይደነዝዛል፣ ሊሞትም ይችላል። እዚህ ላይ «መዝጋት» በቂ አይደለም። በእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያሉትን መቆጣጠሪያዎች መመለስ የአየሩን መተላለፊያ ክዳኖች ይዘጋል እንጂ ያረጁ ክዳኖች ጭስን ፈጽመው አያግዱም። የተበሳ ሙቀት አቀባይ መውጣት አለበት፤ በቦታውም ጤናማ ሙቀት አቀባይ ወይም ሽፋን የሌለው ተራ ቧንቧ መግባት ይገባዋል።

ተራ ቧንቧ ከገባ ደግሞ ሁለት ነገሮች መከተል አለባቸው። አንደኛ፣ ከማራገቢያው ቤት ወደ ሙቀት አቀባዮቹ አየር ይወስዱ የነበሩት ሁለት አፎች መደፈን አለባቸው፤ ካልተደፈኑ ለሲሊንደሮቹ የተመደበው የማቀዝቀዣ አየር በከንቱ ይፈስሳል። ሁለተኛ፣ ከበሮቹ በታች ያሉት የሙቅ አየር ቦዮች በምንም ምክንያት መቆረጥ የለባቸውም፤ የመኪናው አካል ጥንካሬ በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ነውና። «ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ አስወግድ» የሚል ትእዛዝ በቃሉ ከተወሰደ እነዚህን ቦዮችም ይጨምራል። ስለዚህ በቮልስዋገን ላይ የሚጻፍ መመሪያ «ሙቀት አቀባዮቹን አውጣ፣ የማራገቢያውን አፎች ድፈን፣ ቦዮቹን አትንካ» ብሎ ክፍል በክፍል መናገር ይኖርበታል። «በአቋራጭ ማገናኘት» የሚለው ስያሜ በዚህች መኪና ላይ ቦታ እንደሌለው ግልጽ ነው።

7. ስያሜዎቹ በመመሪያ ውስጥ

የተጠቆሙት ቃላት በተግባር ሲገቡ ምን እንደሚመስሉ ለማሳየት፣ በውኃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ማሞቂያ አውጥቶ መስመሩን በአቋራጭ ለማገናኘት የሚያገለግል አጭር መመሪያ ከዚህ በታች ቀርቧል።

(1) ሞተሩ ፈጽሞ እስኪበርድ ይጠበቃል፤ በጋለ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን አይከፈትም። (2) የማሞቂያው መዝጊያ ቧንቧ ይከፈታል፣ ውኃውም በንጹሕ ዕቃ ይቀዳል። (3) ከቴስታታው የሚመጣውና ወደ ፖምፓው የሚመለሰው ቱቦ ይለያሉ፣ ምልክትም ይደረግባቸዋል። (4) የሁለቱ ቱቦዎች ማሰሪያዎች ላልተው ቱቦዎቹ ይፈታሉ። (5) በውስጥ ስፋቱ ከቀድሞዎቹ ጋር እኩል የሆነ፣ ሙቅ ውኃና ጫና የሚችል አንድ ቱቦ ሳይጣመም ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ይያያዛል፤ ማሰሪያዎቹም ይጠብቃሉ። (6) የማሞቂያው ራዲያተርና ማራገቢያው ይወጣሉ፤ የማራገቢያው የኤሌክትሪክ ሽቦ ጫፍ ይሸፈናል። (7) የሞተሩን ክፍል ከተሳፋሪው በሚለየው ግድግዳ ላይ የቀሩት ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። (8) ውኃው ይሞላል፣ በመስመሩ ውስጥ የቀረው አየር እንዲወጣ ይደረጋል፣ ሞተሩም ተነሥቶ መንጠባጠብ መኖሩና የሙቀት መለኪያው ይታያል። (9) የወጡት ዕቃዎች ስማቸው ተጽፎባቸው ይቀመጣሉ።

በሰባተኛው ተራ የተጠቀሰው ግድግዳ በእንግሊዝኛ «የእሳት ግድግዳ» ከሚል ፍቺ ጋር ይጠራል። ያንን ቃል በቃል ከመገልበጥ «ለያይ ግድግዳ» ማለት ይሻላል፤ ግድግዳው የሚለየው እሳትን ብቻ ሳይሆን ጭስን፣ ሽታንና ድምፅንም ነውና። ዘጠነኛው ተራ ደግሞ ለነባር መኪና የተለየ ትርጉም አለው፤ «ማውጣት» ከ«መጣል» የሚለየው በእርሱ ነው።

መመሪያው ሊረሳው የማይገባ ሌላም ጉዳይ አለ። ማሞቂያ የሚያገለግለው ለሙቀት ብቻ አይደለም፤ በክረምት ዝናብ የፊት መስተዋቱ በትንፋሽ ጉም ሲይዝ የሚያጠራው ከእርሱ የሚመጣው ሙቅ አየር ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በመንገደኛ መኪናዎች ላይ የመስተዋት ጉም ማጥፊያ እንዲኖር በደንብ ያዘዘው ለዚህ ነው። ማሞቂያን ማውጣት ጉም ማጥፊያንም ማውጣት መሆኑ በመመሪያው መጀመሪያ ላይ በግልጽ መነገር ይኖርበታል።

8. የተጠቆሙ ስያሜዎች

የተሳፋሪ ክፍል ማሞቂያ፦ ከሞተሩ ሙቀት ወስዶ የተሳፋሪውን ክፍል የሚያሞቅ መሣሪያ።
የማሞቂያ ራዲያተር፦ ሙቅ ውኃ እየዞረበት ሙቀቱን ለአየር የሚሰጥ ትንሽ ራዲያተር።
መዝጋት፦ በመሣሪያው የራሱ መዝጊያ ዝውውርን ለጊዜው ማቆም።
መድፈን፦ አፍን በውታፍ ወይም በክዳን አስሮ ዝውውርን ማስቀረት።
ውታፍ፦ የቱቦ ወይም የቧንቧ አፍ የሚደፈንበት ዕቃ።
አቋራጭ፦ ውኃ ወደ አንድ ክፍል ሳይገባ የሚዞርበት አጭር መስመር።
በአቋራጭ ማገናኘት፦ ዝውውሩ ሳይቆም መስመሩን ከማሞቂያው ውጭ ማያያዝ።
ማውጣት፦ ዕቃውን ከመኪናው ላይ ፈትቶ ማንሣት፤ የመስመሩ ሁኔታ ተጨምሮ ይገለጻል።
ሙቀት አቀባይ፦ ከጭስ ማውጫ ቧንቧ ሙቀት ወስዶ ለአየር የሚሰጥ ሽፋን ያለው ቧንቧ።
የሙቅ አየር ቦይ፦ ሙቅ አየርን ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚያደርስ መተላለፊያ።
ለያይ ግድግዳ፦ የሞተሩን ክፍል ከተሳፋሪው ክፍል የሚለይ ግድግዳ።
ጉም ማጥፊያ፦ በመስተዋት ላይ የሚያዘውን የትንፋሽ ጉም የሚያጠራ መሣሪያ።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች አብዛኞቹ አዲስ ቃላት አይደሉም። «ዘጋ»፣ «ደፈነ»፣ «አገናኘ» እና «አወጣ» ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው ግሦች ናቸው። አዲስ ነገር ቢኖር እያንዳንዱ በየድርሻው እንዲወሰን መጠየቁ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሙያ ቋንቋ ድኽነት ተብሎ የሚነገረው የቃላት እጥረት ሳይሆን ያሉትን ቃላት በወሰናቸው አለማቆም ነው። የጥገና ጽሑፍ ተርጓሚም የባዕዱን ቃል አቻ ከመፈለጉ በፊት «ውኃው ይዞራል ወይስ ይቆማል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ትክክለኛው የአማርኛ ግሥ ራሱ ይመጣለታል። በጋራዥ የሚሠሩ ባለሙያዎችና የሙያ ትምህርት ቤት መምህራን እነዚህን ስያሜዎች በሥራ ላይ ፈትነው፣ የማይመቸውን በሚመች እንዲተኩ፣ ያልተነካውንም እንዲጨምሩ እንጋብዛለን።